ከመድረክ የሸሸው ሰውዬ

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» የሚለውን ፊልም እንደገና ከፈትኩት። ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ባሕር ዳርቻ የሚሮጡትን ልጆች ነው። እኔ ግን የማየው ለአንድ አሰልጣኝ ስል ነው፤ ለሳም ሙሳቢኒ።

በ1924 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የፓሪስ ኦሎምፒክ እሱ የሚያሰለጥነው ሃሮልድ አብርሃምስ መቶ ሜትር ይሮጣል። ሙሳቢኒ ግን ስታዲየም የለም። በገንዘብ የሚያሰለጥን ሰው እዚያ አይፈለግም። ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ልጁ ማሸነፉን የሚያውቀው በመስኮት ባንዲራው ሲወጣ አይቶ፣ መዝሙሩን ሰምቶ ነው። ያኔ ባርኔጣውን በቡጢ ይበሳዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ጉሮሮዬን ያንቀኛል።

ሙሳቢኒን የተጫወተው እንግሊዛዊው ኢያን ሆልም ነው። ስሙን ብጠራ ብዙ ሰው «ማን?» ይለኛል። «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ላይ ሽማግሌው ቢልቦ ስል ግን «አሃ!» ይመጣል። «ኤልየን» ላይም አለ፤ ሰው መስሎ የሚኖረው ሮቦት፣ ጭንቅላቱ ሲገነጠል ወተት የመሰለ ነገር የሚፈሰው። አጭር ሰው ነው፤ መልኩም የመሪ ተዋናይ መልክ አይደለም። ፊልም ላይ ዕድሜውን በሙሉ ያሳለፈው ከዋናው ሰው አጠገብ ቆሞ ነው ማለት ይቻላል።

መድረክ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። በ1960ዎቹ በሮያል ሼክስፒር ኩባንያ ሪቻርድ ሣልሳዊንም ሄንሪ አምስተኛንም ሆኖ ነግሷል። በ1967 በሃሮልድ ፒንተር ተውኔት ኒው ዮርክ ላይ ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወሰደ።

ከዚያ 1976 መጣ። የዩጂን ኦኒልን ተውኔት ሊያሳዩ ነው። የሱ ድርሻ ሂኪ የሚባለው ሻጭ ነው፤ ቃለ ተውኔቱ ተነግሮ የማያልቅ ሰውዬ። ገና ከይፋዊው መክፈቻ በፊት በሚታየው ቅድመ ዕይታ ጊዜ ፍርሃት ያዘው። መድረኩን ጥሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለ17 ዓመት ገደማ ከቲያትር ራቀ ማለት ይቻላል። ያን ያህል ዓመት የሠራ፣ ንጉሥ ሆኖ የቆመ ሰው!

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ግጥም ላነብ ወጣሁ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ፊደሉ ግን አይታየኝም። አንድ ሰው ከኋላ በደግነት አጨበጨበ፤ እሱ ደግሞ ይባስ ገደለኝ። ከዚያ ወዲህ ማይክ የያዘ ሰው ወደኔ ሲመጣ ሽንት ቤት እሄዳለሁ።

ሆልም የሸሸው ከሰው ዓይን እንጂ ከሥራው አልነበረም። ካሜራ ፊት ቆመ። በ1981 ቢቢሲ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን በሬዲዮ ሲያቀርብ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ፍሮዶን በድምፁ ተጫወተ። ሙሳቢኒም የዚያው ዓመት ሥራው ነው፤ ለኦስካር አሳጭቶታል። አሁን ሳስበው፣ ያ ክፍሉ ውስጥ ተደብቆ የሌሎችን ጭብጨባ በመስኮት የሚሰማ ሰው ለሱ ብዙም የራቀ አልነበረም።

በ1993 ለንደን ውስጥ ተመለሰ። አሁንም በፒንተር ተውኔት። በ1997 ደግሞ የሼክስፒርን ንጉሥ ሊር ሆኖ ሠራ፤ በብሔራዊ ቲያትር ትንሿ አዳራሽ፣ ተመልካች እስትንፋሱ በሚሰማበት ርቀት። የማዕበሉ ትዕይንት ላይ ልብሱን ሁሉ አውልቆ ራቁቱን ቆመ። 65 ዓመቱ ነበር። ለዚህ ኦሊቪየር የሚባለውን የእንግሊዝ የቲያትር ሽልማት ሰጡት፣ «ሰር»ም ተባለ። በ2020 በ88 ዓመቱ አረፈ።

ሽልማቱን ተዉት። እኔ ማወቅ የምፈልገው የመጀመሪያው ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ሲቆም እጁ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ነገር? እህቴ በሠርጓ ቀን ሁለት ቃል እንድናገር ጠይቃኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።