«እማማ» ብዬ ጀርባዬ ላይ ጽፌ

ኤፕሪል 27 ቀን 2025፣ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ የለንደን ማራቶንን ልሮጥ በማለዳ ባቡር መነሻው ግሪኒች ደረስኩ። ሁዳዴን ሙሉ በሽሮና በምስር ስለማመድ ነው የከረምኩት። ደረቴ ላይ ሮጬ ገንዘብ የማሰባስብለት የሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስ ስም አለ፤ ሆስፒስ የማይድን ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንክብካቤ የሚያገኙበት ቤት ነው። ጀርባዬ ላይ በፊደላችን «እማማ» ብዬ አጽፌያለሁ።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። የመጨረሻ ሦስት ሳምንታቸውን ያሳለፉት እዚያ ሆስፒስ ነው፣ ደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ሲደናም። መጀመሪያ ስንወስዳቸው ሆዴ ባባ። ሰው ሞቱን የሚጠብቅበት ቤት ይመስለኝ ነበር። እነሱ ግን መጀመሪያ ሕመማቸውን አስታገሡላቸው። እማማ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መዋጥ ያቃታቸው ቀን ነርሷ «ምን መጠጣት ይወዳሉ?» አለችን። ባለቤቴ «ቡና» አለች። ቤት አፍልተን በፔርሙዝ አመጣን። ነርሷ በእንጨት ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ስፖንጅ ቡናው ውስጥ ነከር አድርጋ ከንፈራቸውን አራሰችላቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ላስ አደረጉት።

ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልተጠየቅንም። እንግሊዝ አገር ሆስፒስ ለታማሚው ነጻ ነው። መንግሥት የሚሸፍነው ግን የወጪውን ከፊል ብቻ ነው፤ የቀረው ከሰው ኪስ ይመጣል። ስለዚህ ቤተ ዘመዱንም እድሩንም አስቸገርኩ። አንዲት እናት ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሯትን 10 ፓውንድ ፈተው «ነግ በኔ ነው ልጄ» ብለው ሰጡኝ። በመጨረሻ 2,640 ፓውንድ ሞላ።

ቀኑ ሞቃት ነበር። ካቲ ሳርክ መርከብን፣ ታወር ብሪጅን በደህና አለፍኩ። ካናሪ ዋርፍ ፎቆች መሀል ስደርስ፣ 30ኛው ኪሎ ሜትር ግድም፣ ጭኔ ደርቆ አልታዘዝ አለኝ። ቆምኩ። ከኋላዬ በአማርኛ «የእማማ ልጅ፣ አይዞህ! አትቁም!» የሚል ድምፅ መጣ። ጀርባዬን ያነበበች የማላውቃት ሯጭ ናት። ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ አለፈች። ተከተልኳት።

በ5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ጨረስኩ። ትዕግሥት አሰፋ ያንኑ መንገድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨርሳ አሸንፋ ነበር። ይህን ስሰማ ሕመሙ ሁሉ ጠፋልኝ።

በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ሲደናም ሄድን። እዚያ አንድ መስኮት አለ። በ1948 በካንሰር የሞተ ዴቪድ ታስማ የሚባል ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ፣ ትጠይቀው ለነበረችው ለሲስሊ ሳንደርስ 500 ፓውንድ ተናዞላታል፤ በምትሠሪው ቤት መስኮት እሆናለሁ ብሎ። ቤቱ ያኔ የለም፣ ሐሳብ ብቻ ነው። እሷም ሕክምና ተምራ፣ ገንዘብ ለምና፣ በ1967 ሴንት ክሪስቶፈርስን ከፈተች። 19 ዓመት!

ባለቤቴ መስታወቱን በመዳፏ ነካ አድርጋ «እሱም እንደኛ ሰው አገር ነበር» አለች። ከዚያ ነርሷን ልንፈልግ ገባን። ጠዋት የተቆላ ቡና ይዘንላት ነበር።