ሬይኖልድስን የምትቀዱ ሠዓሊዎች፣ ካርሚኑን ተዉት

የእንግሊዙን የፖርትሬት ሠዓሊ ጆሹዋ ሬይኖልድስን (1723–1792) በዘይት ቀለም ለመቅዳት ስነሳ፣ ስለ ቀዩ ቀለም ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ሸራው ቀላል ነው፤ 76 በ63 ሴንቲ ሜትር። በዘመኑ ለራስና ለደረት ምስል የተለመደው ልክ ይህ ነበር። ግራጫ መደብ ቀባሁት፤ ሲደርቅ የፊቱን ቅርጽ በነጭ፣ በጥቁርና በጥቂት ቀይ አወጣሁ። ልብሱ አያስጨንቃችሁ፤ እሱም አብዛኛውን ለረዳቶቹ ይተወው ነበር።

መከራው ጉንጩ ላይ ነው። ሬይኖልድስ ለቆዳ የወደደው ካርሚን ኮሺኒል ከሚባል ነፍሳት የሚወጣ ቀይ ነው። ብርሃን ያነጣዋል፤ በነጭ ሲቀጥን ደግሞ ቶሎ ይጠፋል። አንዳንድ ምስሎቹ ገና እሱ በሕይወት ሳለ ገርጥተው ደንበኞቹ አማረዋል። ስለዚህ ዛሬ በሙዚየም የተሰቀለውን እንዳለ የሚቀዳ ሰው የሚቀዳው ግርጣቱን ነው። የጉንጩን ጥላና ብርሃን ለማወቅ፣ ቀለሙ ትኩስ ሳለ እንደ ጄምስ ማክአርዴል ያሉ ባለሙያዎች በመዳብ ሰሌዳ ቀርጸው ያተሟቸውን ቅጂዎች ተመልከቱ። ጥቁርና ነጭ ቢሆኑም ከዛሬው ሥዕል ይልቅ እነሱን አምናለሁ።

«የምትቀዳውን ሠዓሊ ቀለም ተጠቀም» የሚለውን የመማሪያ መጻሕፍት ምክር አልቀበልም። ቀለም ሻጩም «አይለቅም» ብሎ ካርሚን ሸጠልኝ፤ እስካሁን ያናድደኛል። የቱቦውን ፊት ትታችሁ ጀርባው ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈውን የቀለም መለያ ኮድ አንብቡ፦ «ኤን አር 4» (NR4) ካለ ያው የነፍሳቱ ቀለም ነው፤ «ፒ ቪ 19» (PV19) ካለ ኩዊናክሪዶን የሚባል ብርሃን የሚችል ሰው ሠራሽ ቀለም ነውና ግዙት። ከመቀባታችሁ በፊት አንድ እጅ ቀይ በአሥር እጅ ነጭ አቅጥናችሁ ወረቀት ላይ ቀቡ፤ ግማሹን በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለጥፉት። ከሳምንታት በኋላ ፎይሉን አንሡና ሁለቱን ግማሾች አስተያዩ። የእኔው ካርሚን ያልተሸፈነው በኩል ነጥቶ ነበር።

ለጥላው ሬንጅ አትንኩ። ፈጽሞ አይደርቅም፤ በላዩ የቀባችሁት ቀድሞ ሲደርቅ ሥሩ እየተንቀሳቀሰ ሰፊ ስንጥቅ ያወጣል። በምትኩ የተቃጠለ ኡምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማ የአፈር ቀለም ይበቃል። ማስቲክ ቫርኒሽ (ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ) ከዘይት ጋር ቀላቅሎ እንደ ጄሊ ማርጋትም ቢያምር ይቅርባችሁ፤ ይቡናል፤ ኋላ ሥዕሉን የሚያጸዳው ሰው የላዩን ቫርኒሽ ሲያነሳ ከሥሩ ያለው ስሱ የቀለም ሽፋንም አብሮ ይሟሟል። እኔ ከጥቂት የተልባ ዘይት ሌላ ምንም አልጨመርኩም። የመጨረሻውን ቫርኒሽ ለመቀባት ቢያንስ ስድስት ወር ጠብቁ።