ፋየርፋይተር ዋን፣ ዲግሪና ማኅተም፦ በዲሲ ዙሪያ ሥልጠና ለምትፈልጉ እስካሁን የደረስኩበት

«የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለመሆን የት ልማር?» ብሎ ኢንተርኔት የሚያስስ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ሦስት ለየቅል የሆኑ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከትቶ ይሸጣል፦ ፋየርፋይተር ዋን እና ቱ የሚባለውን የሙያ ሰርተፊኬት፣ የፋየር ሳይንስ ዲግሪን እና ሲፓት የሚባለውን የአካል ብቃት ፈተና። አንዱ ሌላውን አይተካም። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላለን ሰዎች የትኛው በየት በኩል እንደሚገኝ አሁን መልክ ይዞልኛል። የጽሑፉ ግማሽ ስለ አንዲት ማኅተም፣ ሰርተፊኬታችሁ በሌላ ስቴትም ተቀባይነት እንዲኖረው ስለምታደርገው ባለ ቁጥር ማረጋገጫ ነው፤ ሰው ተምሮ ጨርሶ የሚቆመው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

መነሻው አጭር ነው። ትምህርት ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት መቀጠር የምትፈልጉበትን ካውንቲ የቅጥር ማስታወቂያ አውጥታችሁ አንብቡ። ዜግነት የሚጠይቅ አለ፣ በግሪን ካርድ የሚቀበል አለ፤ ኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ሰርተፊኬት) ይዛችሁ እንድትመጡ የሚፈልግ አለ፣ ቀጥሮ ራሱ የሚያስተምር አለ። ትልልቆቹ ካውንቲዎች የቀጠሩትን ሰው ደመወዝ እየከፈሉ በራሳቸው አካዳሚ ያሠለጥናሉ። እንዲህ ወዳለ ቦታ ለመግባት አስቀድሞ ለፋየርፋይተር ዋን ከኪስ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃችሁ ከኢትዮጵያ ከሆነ ደግሞ የትምህርት ማስረጃ ለሚገመግም ድርጅት ዛሬውኑ ላኩት፤ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ከሁሉም መንገድ እኔ የማስበልጠው በጎ ፈቃደኝነትን ነው። በሜሪላንድ ደመወዝተኞችና በጎ ፈቃደኞች አብረው የሚሠሩባቸው የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ብዙ ናቸው፤ የኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲም እንደዚሁ ነው። የጣቢያ አባል የሆነ ሰው በሜሪላንድ የእሳትና ነፍስ አድን ኢንስቲትዩት የሚሰጠውን ኮርስ ያለ ክፍያ ይወስዳል። ኢንስቲትዩቱ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ዋና ቢሮው ኮሌጅ ፓርክ ሲሆን በስቴቱ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ማሠልጠኛዎች አሉት። ፋየርፋይተር ዋን ከ100 ሰዓት በላይ ይወስዳል። መጽሐፍ በማንበብ ብቻ የሚያልፍ አይደለም፤ በጭስ ውስጥ እየዳሰሱ ሰው መፈለግ አለ፣ መሰላል ማቆም አለ፣ ውሃ የሞላ ጎማ መጎተት አለ፣ መጨረሻው ላይ እውነተኛ እሳት አለ። በእውነተኛ እሳት ልምምድ ላይ ቢበዛ ለአምስት ሠልጣኝ አንድ አሠልጣኝ መመደብ አለበት፤ ሕያው ሰው የተጎጂ ቦታ ይዞ እንዲተኛ ማድረግ ደግሞ ክልክል ነው። የግል ማሠልጠኛ ስትጎበኙ እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሰው ካመነታ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ። (ጢም ያላችሁ ወንድሞች፦ የመተንፈሻው ጭምብል ፊት ላይ የሚያርፍበት ቦታ በሙሉ መላጨት አለበት። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ ነው፤ ከአሠልጣኝ ጋር መከራከር አያዋጣም።)

አሁን ወደ ማኅተሟ። ኮርስ መጨረስና ሰርተፋይድ መሆን ሁለት ነገር ነው። ከማሠልጠኛው የሚሰጣችሁ ወረቀት «ይህን ኮርስ ተከታትሎ አጠናቋል» ይላል። ሌላ ስቴት ስትሄዱ የሚጠየቀው ግን ኢፍሳክ ወይም ፕሮ ቦርድ (ለሙያው ፈታኞች ዕውቅና የሚሰጡ ሁለት ተቋማት) ዕውቅና የሰጠው አካል በጽሑፍም በተግባርም ፈትኖ ያወጣው ቁጥር ያለው ሰርተፊኬት ነው፤ ማኅተም የምላት ይህችን ነው። ኢፍሳክ መቀመጫው ስቲልዋተር ባለው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱም እናንተን በቀጥታ አይፈትኑም፤ ለፋየርፋይተር ዋን ዕውቅና የሚሰጡት ለፈታኙ አካል ነው። ስለዚህ «ትምህርት ቤታችሁ ዕውቅና አለው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያጣራም፤ «አዎ» ይሏችኋል፣ የንግድ ፈቃዳቸውንም ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ጥያቄ «ሰርተፊኬቱን የሚያወጣው ማነው? በየትኛው ደረጃ ላይ ነው ዕውቅና ያለው?» የሚለው ነው። ዕውቅናው የሚሰጠው በየደረጃው ስለሆነ አንድ አካል ለፋየርፋይተር ዋን ኖሮት ለሌላው ደረጃ ላይኖረው ይችላል። የሁለቱም ተቋማት ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩ አለ፤ ስቴቱን መርጣችሁ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ አስተያዩ።

ሁለተኛው መሰናክል ሃዝማት ነው፤ አደገኛ ኬሚካልና ጋዝ ሲፈስ የሚደረገው። የፋየርፋይተር መስፈርት የሃዝማት ብቃትን አብሮ ይጠይቃል፤ ሰርተፊኬቱ ግን በብዙ ቦታ ለብቻው ይወጣል። አንዱን ይዞ ሌላውን ሳይዝ የሄደ ሰው ፋይሉ ይንጠለጠላል። ሁለቱም የየራሳቸው ቁጥር እንዳላቸው ሳታረጋግጡ ስቴት አትቀይሩ። በዚያው ላይ የመስፈርት ቁጥሮቹ ተለዋውጠዋል፦ ለረጅም ዘመን 1001 ይባል የነበረው የኤንኤፍፒኤ (መስፈርቶቹን የሚያወጣው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ማኅበር) የፋየርፋይተር መስፈርት በ2024 እትም 1010 ውስጥ ተጠቃሏል፤ የሃዝማቱ 1072 ደግሞ በ470 ሥር ገብቷል። የቆየ ሰርተፊኬት 1001 ስላለ ዋጋ አያጣም፤ ማመልከቻ ስትሞሉ ግን የተፈተናችሁበትን እትም ዓመት ትጠየቃላችሁ፤ ጽፋችሁ ያዙት።

ሦስተኛው የኛ ሰው ብቻ የሚያውቀው ጣጣ ነው፤ ስም። ፓስፖርት ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም የተያዘለት አለ፣ የአያት ስም የተያዘለትም አለ። ኃይለማርያም አንዱ ቅጽ ላይ በአንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይገባና ኮምፒውተሩ «ማርያም»ን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ ፀሐይና ገብረ የሚባሉት ስንት መልክ እንዳላቸው ታውቃላችሁ። የጣቢያው መዝገብ፣ የኢኤምቲ ምዝገባ፣ የሲፓት ካርድና የማኅተሙ መዝገብ አንዱ ከሌላው በአንድ ፊደል ሲለያዩ ፋይላችሁን የሚያጣራው ሰው ሁለት ሰው መስሎት ይመልሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን መጀመር አለበት። የመንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ፣ ክፍተቱን ጨምሮ፣ በሁሉም ቅጽ ላይ አንድ ዓይነት አድርጉ። በኮርሱ የመጀመሪያ ሳምንት የስም ዝርዝሩን አሳዩኝ በሉ። ማኅተሟ ስትደርሳችሁ ቁጥሯን ከነስማችሁ አረጋግጡ። ዜግነት ስትወስዱ ስም የቀየራችሁ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ኮፒ ከሰርተፊኬቱ ጋር አብራችሁ ላኩ።

በኦንላይን የሚሰጥ ፋየርፋይተር ዋንን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው። ንድፈ ሐሳቡን በኦንላይን መከታተል ምንም አይደለም፤ ለማታ ፈረቃ ሠራተኛ እንዲያውም ይሻላል። የተግባር ፈተናው የት፣ በማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ያላስቀመጠ ፕሮግራም ግን የምስክር ወረቀት ሻጭ ነው። ስትጨርሱም የኮርሱን ይዘት፣ የሰዓት ብዛቱንና የተፈረመባቸውን የተግባር መመዘኛ ወረቀቶች በቀለም ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ። ማሠልጠኛ ይዘጋል፣ መዝገብ ያዥ ይቀየራል።

ዲግሪው ሌላ ጉዳይ ነው። ፋየር ሳይንስ መልካም ትምህርት ነው፤ ፋየርፋይተር ዋን ሳይዙ መጀመር ግን፣ በኔ አስተያየት፣ መኪና ሳይነዱ የትራፊክ ኢንጂነሪንግ እንደመማር ነው። ጥቅሙ በኋላ ለሹመት፣ ለእሳት መከላከል ኢንስፔክተርነት፣ ለቃጠሎ ምርመራ ነው። ጥሩ ፕሮግራም ለመለየት ፌሺ በሚባለው አገር አቀፍ የሥርዓተ ትምህርት ሞዴል ውስጥ ያሉትን ስድስት መሠረታዊ ኮርሶች ፈልጉ፦ የሕንፃ ግንባታ፣ የእሳት ባሕርይና ቃጠሎ፣ እሳት መከላከል፣ የመከላከያ ሲስተሞች፣ የድንገተኛ አገልግሎት መርሆች፣ ደኅንነትና በሕይወት መትረፍ። በአካባቢያችን የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የዚህ ዓይነት የሁለት ዓመት ዲግሪ አለው። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ፋየር ፕሮቴክሽን ኢንጂነሪንግ ደግሞ ከዚህ ጋር አይምታታባችሁ፤ እሱ ካልኩለስና የፈሳሽ መካኒክስ ያለበት ሙሉ ምህንድስና ነው። ሥራውም ስፕሪንክለርና የጭስ መቆጣጠሪያ መንደፍ እንጂ መሰላል መውጣት አይደለም። ለጣቢያ አባላት ኤሚትስበርግ ሜሪላንድ ያለው ብሔራዊ የእሳት አካዳሚም አለ፤ የትምህርት ክፍያ የለውም። የተማሪ መለያ ቁጥር አሁኑኑ በነጻ አውጡ፤ በዚያው ቁጥር አይኤስ 100 እና 700 የሚባሉትን የድንገተኛ አደጋ አመራር መግቢያ ኮርሶች በኦንላይን ትጨርሳላችሁ፤ ብዙ ቦታ ይጠየቃሉ።

የአካል ብቃት ፈተናው ሲፓት በተከታታይ የሚሠሩ ስምንት የፈተና ጣቢያዎች አሉት፤ በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለቅ አለበት፤ ውጤቱ ማለፍ ወይም መውደቅ ብቻ ነው። 50 ፓውንድ ቬስት ትለብሳላችሁ። ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው፣ በደረጃ መውጫው ማሽን ምክንያት ነው፤ እዚያ ላይ ትከሻችሁ ላይ ሌላ 25 ፓውንድ ይጨመራል። በደቂቃ 50 እርምጃ ለ20 ሰከንድ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ በደቂቃ 60 እርምጃ ለሦስት ደቂቃ። ድጋፉን ሚዛን ለመጠበቅ ለአፍታ መንካት ይቻላል፤ መያዝ ማስጠንቀቂያ ያመጣል፣ ሦስተኛው ላይ ትወድቃላችሁ። ጂም ውስጥ ድጋፉ ላይ ተደግፎ የተለማመደ እግር ሰባተኛው ጣቢያ ላይ 165 ፓውንድ አሻንጉሊቱን ሲጎትት ይከዳል። የአፓርትመንት ደረጃም ማሽኑን አይተካም፤ ስትወርዱ ታርፋላችሁ፤ ማሽኑ ላይ ግን መውረድ የለም። በጣቢያዎቹ መካከል ያለው 85 ጫማ የእግር ጉዞ ነው፤ መሮጥ ክልክል ስለሆነ ትንፋሽ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከፈተናው በፊት ሁለት የማስተዋወቂያና ሁለት በሰዓት የሚለካ የልምምድ ዙር መብታችሁ ነው፤ አስቀርተውት የሚሄዱ ሰዎች አይገቡኝም። ካርዱ የሚያገለግልበት ጊዜ እንደየካውንቲው ስለሚለያይ የምትፈልጉት ቦታ ምዝገባ መቼ እንደሚከፍት ሳታውቁ ለፈተናው አትክፈሉ።