የጽንሴን ዕድሜ ያዛባው ካርድ ክፍል

እርግዝናዬ ጤናማ ነበር። ክትትል በጊዜ ጀመርኩ፣ ደምና ሽንት ሰጠሁ፣ የብረት እንክብሌን ዋጥኩ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ማንም ያላስጠነቀቀኝ ስለ ካርድ ክፍሉ ነው።

የመጨረሻ የወር አበባዬ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ነበር። በፈረንጅ ኦክቶበር 15 ይሆናል። በሰባተኛው ወር ክሊኒክ ስቀይር ካርድ የሚያወጣው ልጅ ኦክቶበር 5 ብሎ ጻፈ። ወሩን ቀይሮ ቀኑን እንዳለ ተወው። ጽንሱ ላይ 10 ቀን ተጨመረ ማለት ነው።

አልትራሳውንድ ክፍል ገባሁ። ባለሙያው የጭንቅላቱን ዙሪያ፣ ሆዱን፣ የጭኑን አጥንት ለካ። የእትብቱንም ውፍረት ለካ። ከዚያ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ "ጽንሱ ወደኋላ ቀርቷል፣ እትብቱም ለዕድሜው ቀጭን ነው" አለኝ። "ምግብ አትበዪም እንዴ?" ብሎ ጨመረበት። ቤት ስደርስ እናቴ አለቀሰች። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣ።

እርግዝናዬ 12 ሳምንት ሳይሞላው የተነሳሁት የአልትራሳውንድ ወረቀት እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር! አውጥቼ ለባለሙያው ሳሳየው "የቆየ ነው፣ አይጠቅምም" አለኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የጽንስን ዕድሜ ለማወቅ ከሁሉም የሚታመነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተነሳ አልትራሳውንድ ነው። እስከ 13 ሳምንት ድረስ ከራስ እስከ መቀመጫ የሚለካው ርዝመት ቢስት በሳምንት ገደማ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚሠራ ስሌት ግን እስከ 3 ሳምንት ሊስት ይችላል።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ቀኑ በእኛ ነው በፈረንጅ?" ብለው ነው። አሮጌውን ወረቀት አዩ፣ 10ሩን ቀን ቀነሱ፣ ልኬቱ ሁሉ ልክ መጣ። እትብቱ ሦስቱም የደም ሥሮች፣ ሁለት አርተሪና አንድ ቬይን፣ ነበሩት፤ እንደ ጤነኛ እትብት። ዶፕለሩም፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ የደም ዝውውሩ ጥሩ መሆኑን አሳየ። እትብት እስከ ስምንተኛው ወር ገደማ እየወፈረ እንደሚሄድ፣ ከዚያ ቆሞ ትንሽ እንደሚቀንስ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው። ታዲያ ዕድሜው ሳይጣራ "ቀጭን ነው" ማለት ምን ይሉታል? ልጄ 3.1 ኪሎ ሆና ተወለደች።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይመክራል። እኔ ግን ተበድራችሁም ቢሆን ከ13 ሳምንት በፊት ተነሱ እላለሁ። ወረቀቱን አትጣሉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ያዙ፣ ካርዱ ሲሞላም አጠገቡ ቁሙ። ቀኑ ትክክል ሆኖ ጽንሱ ትንሽ ነው ከተባላችሁ ግን ችላ አትበሉ። ዶፕለር ይታይልኝ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ዳግም ይለካልኝ በሉ።