ስድስት ዶላር ወዲህ፣ ስድስት ዶላር ወዲያ

ዓርብ፣ ሐዋሳ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ የአሜሪካ ገበያ ሲከፈት፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። የምነግደው በልምምድ አካውንት ነው። የሚጠፋው ዶላር የውሸት ነው፤ ንዴቱ ግን የእውነት።

ትናንት ማታ አንድ ኩባንያ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ሊያወጣ ነበር። አክሲዮኑ 100 ዶላር ነው። ዛሬ የሚያልቁ ኮል (አክሲዮኑን በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት) እና ፑት (የመሸጥ መብት)፣ ሁለቱንም በ100 ስትራይክ፣ ማለትም በ100 ዶላር የተቆረጠ ዋጋ፣ እያንዳንዳቸውን በ3 ዶላር ገዛሁ። ወጣም ወረደ አተርፋለሁ ብዬ! አክሲዮኑ ዛሬ 4 ዶላር ዘለለ። ኮሉ 4 ዶላር ገደማ አወጣ፣ ፑቱ ምንም። አንድ ኮንትራት 100 አክሲዮን ስለሆነ ወደ 200 ዶላር በላኝ።

ለካስ መልሱ ከፊቴ ነበር። 3 እና 3፣ ስድስት። ገበያው ራሱ «ወደ 6 ዶላር ሊንቀሳቀስ ይችላል» ብሎ ሒሳቡን አስቀድሞ ተቀብሎኛል። ኤክስፔክትድ ሙቭ የሚሉት ይሄንኑ ነው። አንዳንዶች ድምሩን በ0.85 ያባዙታል፤ 5.10 ይሆናል። በእሱም ቢሆን 4 አይበቃም።

የገብርኤል ሰሞን እዚህ አልጋ ስንት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ይሄ ሊገባው ይገባ ነበር። እንግዳው ሳይመጣ ዋጋው ይሰቀላል፣ በማግስቱ ይወርዳል። ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲም፣ ማለትም የኮልና የፑት ዋጋ ውስጥ ያለው የገበያው የዓመት የመዋዠቅ ግምት፣ ከሪፖርት በፊትና በኋላ እንደዚያው ነው።

ሌላው የኤክስፔክትድ ሙቭ ስሌት ደብተሬ ላይ አለ፦ የአክሲዮኑ ዋጋ ሲባዛ በቮላቲሊቲው፣ ሲባዛ በስኩዌር ሩት የቀኑ ብዛት ለ365። 100 ዶላር፣ 40 በመቶ፣ 30 ቀን፤ 11.50 ገደማ። ስኩዌር ሩቷ ናት ያስቸገረችኝ። ለምንድነው የ4 ቀኑ የአንዱን ቀን እጥፍ ብቻ የሚሆነው? ሐይቁ ላይ ሞተሩን ያጠፋ ጀልባ ሳይ ገባኝ። አንዱ ማዕበል ይገፋዋል፣ ሌላው ይመልሰዋል። አራት ማዕበል አራት እጥፍ አያርቀውም።

ደግሞ እስከ ዛሬ ከዚህ ስሌት የሚወጣውን ቁጥር እንደ አጥር ነበር የማየው። በንድፈ ሐሳቡ 68 በመቶ ያህል ነው ውስጡ የሚቀረው። ከሦስት አንዴ ገደማ ያመልጣል ማለት ነው፣ ትንሽ አይደለም።

ጓደኛዬ አጠገቤ ደብተሩን አገላብጦ አየ።

«ታዲያ ይወጣል ወይስ ይወርዳል?»

«እሱን አይናገርም።»

«እና ምን ይሠራልሃል?»

አስተናጋጁን ጠርቼ ሒሳብ ጠየቅኩ።