«ሁለት ቀኑ»

የተደረገልኝን ይዤ ዝም ብል ነውር ይሆንብኛል። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ልጄን የወለድኩት ቀኔ ካለፈ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የእንሽርት ውሃው ሲፈስ አረንጓዴ ነበር። ልጁ ሲወጣ አላለቀሰም። አዋላጇ ጀርባውን አሸችው፣ አፍና አፍንጫውን ጠረገችው፣ ከዚያ አቅፋው ሮጠች። ፊቱን እንኳ አላየሁትም።

ማታ ላይ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስገቡኝ። አንድ የደም ኦክስጅን መለኪያ በቀኝ እጁ፣ ሌላ በእግሩ ታስሮለታል። እጁ 91 ይላል፣ እግሩ 79። ዶክተሩ «ልዩነቱን አየሽው እናት?» አለኝና አስረዳኝ። ሆዴ ውስጥ ሳለ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። ሳንባው ገና ሥራ ስለሌለው አብዛኛው ደም ዘሎት ያልፋል። ተወልዶ ሲተነፍስ የሳንባው ደም ሥሮች መከፈት ነበረባቸው። የልጄ ግን እንደተጨማደዱ ቀሩ፤ ሳንባውን ዘሎ የሚያልፈው ደም ኦክስጅን ሳይጠግብ ወደ እግሩ ይወርዳል። ሆዴ ውስጥ እያለ ካካ ብሎ፣ ያንኑ ከእንሽርት ውሃው ጋር ወደ ሳንባው ስቦት ኖሯል።

አፍንጫው ላይ ሲፓፕ የሚሉት፣ አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ተደርጎለታል። የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ልክ ሊገነፍል እንደደረሰ ጀበና። እግሩን ልነካው ስል ቁጥሩ ወደ 70 ወረደ። «አትንኪው የኔ እናት፣ ሲረበሽ ይብስበታል» አለችኝ ሲስተሯ። ወልጄ መንካት ተከለከልኩ! እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅኩት። ውዳሴ ማርያምን በቃሌ የምለው ሴትዮ ሁሉም ጠፋኝ። ጠርሙሱ ቡልቅ ባለ ቁጥር «ገብርኤል ሆይ» ብቻ እላለሁ። ጥላም ተሳልኩ።

በማግስቱ ለባለቤቴ ሲልደናፊል የሚል ወረቀት ሰጡት። የሳንባውን ደም ሥር ያላላል፣ ግን እኛ ጋ የለም፣ ከውጭ ፈልግ አሉት። ባጃጅ ኮንትራት ይዞ ፒያሳን አዳረሰ። የለም፣ የለም። እኔ ደግሞ ልመናዬን ቀየርኩ፦ መድኃኒቱን አስገኝልኝ።

ሲልደናፊል ማለት ያው ቪያግራ ነው። የኔ ሰውዬ አያውቅም። አቶቴ ሰፈር ያገኘው ፋርማሲስት ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለራስህ ነው ወንድሜ?»

«ለልጄ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት ቀኑ።»

ፋርማሲስቱ ክው አለ። «ሂሳቡን በኋላ፣ አሁን ሩጥ» ብሎ ሰጠው።

ክኒኑ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ በአፉ በገባች ቀጭን ቱቦ ተሰጠው። ሌሊቱን ቁጥሩ ሲወጣ ሲወርድ አደረ። ንጋት ላይ የቅዳሴ ድምፅ ሰማሁ። ለካ ቀኑ 19 ነው፣ ገብርኤል! ቀና ብዬ ሳይ የእግሩ ቁጥር 88 ይላል። ረፋዱ ላይ 92 ገባ። ከዚያ በኋላም አስደንግጦናል፣ 11 ቀን ተኝተናል፣ ግን ወደ 70 ዳግም አልወረደም።

«ያዳነው መድኃኒቱ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔስ ምን አልኩ? መድኃኒቱ እንዲገኝ አይደል የለመንኩት!

በ40 ቀኑ ጥላዬን ይዤ ሄድኩ። ኃይለ ገብርኤል ተባለ። ውሃው ሲነካው ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናወጠው። ፋርማሲስቱንም ጠርተነው መጥቶ ነበር። እሱ ግን እስከ ዛሬ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «ሁለት ቀኑ እንዴት ነው?» ነው የሚለን።