ደረቁ ማን ነበር?

ዕድሜ ለእኔ እንግሊዝኛ፣ የአንድ ቀበሌ ሰው ስምንት ቀን ሙሉ ደጁ ላይ የተተከለ ቦኖ እያየ ምንጭ ሲወርድ ከረመ።

ያኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የውሃ ፕሮጀክት እሠራ ነበር። የሥራ መደቤ ሌላ ነው። ግን «እንግሊዝኛው እሳት ነው» ስለተባልኩ ከውጭ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ያርፋል። ማንዋል እተረጉማለሁ። ኢሜይል እተረጉማለሁ። የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር ያስነብቡኛል። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ፕሮጀክቱ የተወሳሰበ አልነበረም። የምንጭ ውሃ ተጠልፎ ታች ያለ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ፓምፕ ኮረብታው ላይ ወዳለው ታንከር ይገፋዋል። ከታንከሩ ደግሞ በራሱ ወርዶ ቦኖዎቹን ያጠጣል። ሥራው አለቀና ርክክቡ ለሐሙስ ተቆረጠ። ከወረዳም ከዞንም ሰው ይመጣል። ፈረንጁ አማካሪያችንም ከአዲስ አበባ ይመጣል።

ሰኞ ማታ ከአማካሪው አጭር ኢሜይል ደረሰን። ረቡዕ ቡድኑ በሙሉ ባለበት አንድ «ድራይ ራን» አድርጉ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል ይላል። ድራይ ደረቅ ነው። ራን መሮጥ ነው፤ ስለ ሞተር ሲሆን ደግሞ መሥራት። ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ጊዜም አላጠፋሁም። «ረቡዕ ዕለት ሙሉ ቡድኑ በተገኘበት ፓምፑ ለሃያ ደቂቃ ያለ ውሃ ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ፈረመ። ማኅተም ተመታበት።

ረቡዕ ጠዋት ገንዳው ለምርቃቱ ሲባል በክሎሪን ታጥቦ ባዶውን ነበር። ለትእዛዙ የተመቸ ሆነ። ሞተሪስቱ ወረቀቱን አነበበ። ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንደገና አነበበ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ከወፍጮ ቤት ጀምሮ ዕድሜውን በሙሉ ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ነው።

«ያለ ውሃ?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ። ለሃያ ደቂቃ።»

ምንም ሳይል እጄን ይዞ ወደ ፓምፕ ቤቱ አስገባኝ። ከስዊች ቦርዱ አጠገብ አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። «ፓምፑን ያለ ውሃ ማሠራት ፈጽሞ ክልክል ነው» ይላል። ከሁለት ወር በፊት ከማንዋሉ የተረጎምኩት ራሴ ነኝ። እዚያም ላይ እንግሊዝኛው ያው «ድራይ ራን» ነበር።

«ይሄን የጻፍከው አንተው አይደለህ?»

እዚህ ጋ ቆም ማለት ነበረብኝ። አልቆምኩም። ያንን ቃል አንዴ ተርጉሜዋለሁ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። «እሱ ለዘወትር ሥራ ነው፣ ይሄ ለሙከራ ነው። ለዚህ እኮ ነው ሃያ ደቂቃ ብሎ የገደበው» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም። ውሃ ሲጎድል ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ደግሞ ገና አልተገጠመም። ሞተሪስቱ «እንግዲህ ፈረንጁ ካለ» ብሎ ቁልፉን ጫነው።

መጀመሪያ ቀለል ያለ፣ ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፉጨት መጣ። ከዚያ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ። ሞተሪስቱ ማንንም ሳይጠይቅ አጠፋው። ገና ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ነበርን። መዳፉን ፓምፑ ላይ ጣል አድርጎ ወዲያው ነጠቀ። ከሰዓት በኋላ ውሃ ሲለቀቅበት በዘንጉ ዙሪያ ይንጠባጠብ ጀመር። ቆይቶም ይፈስ ጀመር።

የተቃጠለው «ሲል» (seal) የሚሉት፣ ውሃ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይፈስ የሚያግደው ዕቃ ነበር። ዘንጉ ወደ ፓምፑ የሚገባበት ቦታ ላይ ሁለት ቀለበቶች ፊት ለፊት ተገጣጥመዋል። አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ይዞራል። ብዙ ጊዜ አንዱ ከካርቦን፣ ሌላው ከሴራሚክ ይሠራል። እንዳይፋጩ የሚያለሰልሳቸውም የሚያቀዘቅዛቸውም በመሐላቸው ያለ፣ ከፀጉር የቀጠነ የውሃ ሽፋን ነው። ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ራሱ ዘይቱ ነው ማለት ነው። ውሃው ሲቀር ቀለበቶቹ በደረቁ ይፋጫሉ፣ ይግላሉ፣ ይሰነጠቃሉ።

አማካሪው ጋ ደወልኩ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ስለ ፓምፑ አልነበረም። ልምምድ ማለቱ ነው። ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ሪባኑን ማን ይቆርጣል፣ እንግዶቹ የት ይቀመጣሉ፤ ይሄን አንድ ጊዜ እንድናየው ነው። ሃያ ደቂቃውም ለእሱ ነበር።

ርክክቡ በስምንት ቀን ተራዘመ። አዲስ «ሲል» ከአዲስ አበባ ተገዝቶ በአውቶብስ የአባይን በረሃ ተሻግሮ እስኪመጣ እኔ መግቢያ አጣሁ። ሴቶች ጀሪካን አዝለው በቢሮው ሲያልፉ መስኮቱን እዘጋለሁ። ሞተሪስቱ አልተቆጣኝም። «ያው በደረቁ ተላጨን» ብሎ ሳቀ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ማታ የምሸሸው ንብረት ክፍል ነው። የንብረት ክፍሉን ሰውዬ ሁላችንም «የኔታ» ነው የምንላቸው። በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው ለምነው፣ ከውሻ ጋር ታግለው ያደጉ ናቸው። መንግሥት ቤት የገቡት በኋላ ነው። ያን ሰሞን ጎሚቶና ቧንቧ እየቆጠሩ መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩ አገኘኋቸው።

«ቃሉ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ራን።»

«ፍቺው?»

«መሮጥ።»

«ይኸው ነው?»

መቁጠር ጀመርኩ። አፍንጫ ሲፈስ ራን ነው። ወንዝ ሲፈስም ራን ነው። የልብስ ቀለም ሲለቅ ራን ነው። ሱቅ ማስተዳደር ራን ነው። ለምርጫ መወዳደር ራን ነው። የሴት ስቶኪንግ ሲተረተር፣ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ፣ ጋዜጣ ዜና ሲያወጣ፣ ሁሉም ራን ነው። ጣቴ አለቀ። የኔታ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይሄን ሁሉ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ስትጽፍ የትኛው ነው ብለህ ጠየቅህ?»

መልስ አልነበረኝም።

በኋላ ነገሩ አላስተኛኝ ብሎ ሳነብ እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚህ ቃል አሳራቸውን እንዳዩ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 በ20 ቅጽ በወጣው ሁለተኛው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ረጅሙን ቦታ የያዘው «ሴት» (set፣ ማስቀመጥ) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ነበር፤ ከ430 በላይ ፍቺ ተቆጥሮለታል። ለሦስተኛው እትም እርማት ሲደረግ ግን «ራን» በለጠው። ፒተር ጊሊቨር የሚባል የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ በዚህ አንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ያህል ተቀምጦ በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ አወጣለት። ዘጠኝ ወር! ልጅ የሚወለድበት ጊዜ ነው። እኔ ለዚያ ቃል የሰጠሁት ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ቃሉ ግስ ሳይሆን ስም ሲሆንም ጉድ አለው። በአንዳንድ የአሜሪካ አካባቢዎች ትንሽ ወንዝ «ራን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1861 የእርስ በርስ ጦርነታቸው የመጀመሪያው ትልቅ ውጊያ የተደረገው ቨርጂኒያ ውስጥ ቡል ራን በሚባል ወንዝ አጠገብ ነው። እንግዲህ «ድራይ ራን» የደረቀ ወንዝም ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ተርጉሜ ቡድኑን በሙሉ ለሃያ ደቂቃ ደረቅ ወንዝ ላይ አቁሜው ቢሆን እንኳ ጉዳቱ ያንስ ነበር።

የኔታ ግን መዝገበ ቃላት አላስፈለጋቸውም። «እኛ ይሄን ኅብር እንለዋለን» አሉኝ። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ይቆማል። ሰሙን የሰማ ሰምቻለሁ ብሎ ይሄዳል። ወርቁ ያለው ከጎኑ ካለው ቃል ጋር ሲታይ ነው። ሁለት ቤት ብቻ ባላት በጉባኤ ቃና እንኳ ቸኩሎ የፈታ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል። «መምህራችን አንዱን ፍቺ ስንነግራቸው ሌላስ? ይሉናል። ሌላ የለውም ያለ ዕለት ነው ጉዱ።»

ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እንግሊዙን ተወው። እስቲ ደረቅ በል። ደረቅ እንጀራ ወጥ የለውም። ደረቅ ሳል አክታ የለውም። ደረቅ ቼክ ገንዘብ የለውም። ደረቅ ሌሊትስ ምን የለውም?»

«ሰው» አልኩ።

«እሺ ይሁን። ደረቅ ሰውስ?»

ፈገግ አልኩ። ተከትዬ መልስ ልሰጥ ስል ቀደሙኝ። «ረቡዕ ዕለት ፓምፕ ቤት ውስጥ፣ ያ ሰውዬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን እያሳየህ፣ ደረቁ ፓምፑ ብቻ ነበር?» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሱ። ጎሚቶ ወደ መቁጠሩ ተመለሱ።

በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሁሉ ነገር ተሰናዳ። «ሲል»ኡ ዕቃ ተቀይሯል፣ ገንዳው ሞልቷል፣ ወንበር ተደርድሯል። ልምምዱንም በዋዜማው አድርገናል፤ ሞተሪስቱ የዞኑን ኃላፊ ሆኖ ንግግር አድርጎ አስቆናል። እንግዶቹ ገብተው ሊያልቁ ሲሉ ከአማካሪው አጭር መልእክት ገባ። «ራኒንግ ሌት» ይላል፣ ከጎኑ የሃያ ቁጥር አለ።

ሞተሪስቱ በትከሻዬ በኩል አጮልቆ ቁጥሩን አየና ደነገጠ። «ደግሞ ሃያ ደቂቃ ምን እንድናደርግ ነው?»

«እየሮጥኩ ነው፣ እዘገያለሁ የሚል ይመስላል።»

«የሚሮጥ ሰው እንዴት ይዘገያል?»

ገብቶኝ ነበር። ቢሆንም ስልኩን አንስቼ ደወልኩ።